ድንገት የቀላ ዓይን
ጠዋት መስታወት ፊት ቆመን ዓይናችን ደም መስሎ ብናገኘው እንደነግጣለን። ይሁን እንጂ መቅላቱ ብቻውን የሕመሙን ክብደት አይነግረንም። በነጩ ክፍል ላይ ያለ ሕመም የተንጣለለ ደም ከቀጭን የደም ሥር መፈንዳት የመጣ ሲሆን በ2 ሳምንት ገደማ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። ማሳከክ ሲበረታ አለርጂን፣ ውኃ መሰል እንባ ሲበዛ ቫይረስን፣ ሽፋሽፍትን የሚያጣብቅ መግል ሲታይ ባክቴሪያን እንጠረጥራለን። በቫይረስ የመጣው በአብዛኛው በራሱ ይድናል፤ አንቲባዮቲክ አይረዳውም። እጅን በሳሙና መታጠብና ፎጣን አለመጋራት ግን ሥርጭቱን ይገታል።

ብርቱ ሕመም፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም ብርሃን መፍራት ከታከለበት የኮርኒያ ቁስል ወይም ድንገተኛ ግላኮማ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ከሌላ ሰው ተውሶ መጠቀም መቅላቱን ደብቆ ቁስሉን ሊያብስ፣ ብርሃናችንንም ሊነጥቀን ይችላል።