ዓመቱን የያዙት ዘፈኖች

2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆናለች። ለድሬዳዋ የሠርግ ዲጄ ጳጉሜን የፋታ ጊዜ ናት፤ ፍልሰታ አልፎ የመስከረሙ ድግስ እስኪጀመር ጂፓሱ ከቤት አይወጣም። ሳቢያን በተባለው የከተማው ሠፈር የሚኖረው የዚህ ማስታወሻ ባለቤትም በእነዚህ ቀናት ኬብሉን ይፈትሻል፣ የተቃጠለ ስፒከር ያስጠግናል፣ ላፕቶፑ ላይ የተጠራቀመውን ፋይል ያጸዳል። የዓመቱን ምርጥ ዘፈኖች ዝርዝር የሚጽፈውም ያኔ ነው።

ብዕሩን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው፦ የዓመቱ ዘፈን የሚባለው በዓመቱ የወጣው ነው ወይስ በዓመቱ የተደመጠው?

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። በሸገር ኤፍ.ኤም 102.1 የብርሃኑ ድጋፌ «ለዛ» የራዲዮ ፕሮግራም ለዓመታት አድማጮችን ድምፅ እያሰጠ ምርጥ አልበምና ምርጥ ነጠላ ዜማ ሲሸልም የቆየው አዳዲስ ሥራዎችን እያወዳደረ ነው። የአሜሪካው ቢልቦርድ በበኩሉ ሽያጭ ይቆጥራል፤ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ወጥቶ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን አገር ምድሩ ተነጋግሮበታል። አሁን ደግሞ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ከዩቲዩብ ቪዲዮ ሥር በተጻፈው የተመልካች ቁጥር ላይ ነው።

2015 ግን ለእንዲህ ያለው ቆጠራ የሚመች ዓመት አልነበረም። ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው ሰነበቱ። በድሬ አዲስ ዘፈን ከሰው ሰው የሚደርሰው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። እሱ ሲዘጋ ሰዉ ወደ ፍላሽና ወደ ሚሞሪ ካርድ ተመለሰ። ከሳቢያን እስከ ከዚራ የሚመላለሰው የባጃጅ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ያንኑ ፍላሽ ሲያዞር ይውላል፤ ተሳፋሪው ይሰማል፣ ያንጎራጉራል፣ ወርዶ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ማድመጥ የትኛውም ሰንጠረዥ አልመዘገበውም።

የዲጄ ቆጣሪ የሰው እግር ነው። ዘፈኑ ሲገባ ማን ከወንበሩ ተነሣ? ማን ሳህኑን ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ? ማን ላቡን እየጠረገ ወደ ዲጄው ጠረጴዛ መጥቶ «ድገመው አቦ!» አለ? የሳቢያኑ ዲጄ ከየድግሱ በኋላ ዕቃው እስኪጫን ድረስ ይህን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ጳጉሜን ላይ ደብተሩን ሲያገላብጥ፣ ዓመቱ የማን እንደነበረ የራሱ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የሳቢያን፣ የመጋላና የገንደ ቆሬ ሠርገኛ እግርም ይነግረዋል።

በዚህ ሚዛን የ2015 አንደኛ አዲስ ዘፈን አይደለም። ዕድሜው ከአብዛኞቹ ሙሽሮች የሚበልጥ ነው፤ የአሊ ቢራ «አማለሌ»።

አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ አረፈ፤ የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ገና አራት ቀኑ ነበር። አገሪቱ ታላቅ ድምፃዊ አጣች፣ ድሬ ደግሞ የሠፈሯን ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1947 ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በከተማው የዓረብ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር ተቀላቀለ። «ቢራ» የሚለውን ስም ያወጣለትም በቡድኑ መድረክ ያዜመው «ቢራ ዻ በሪኤ» ነው። አፍረን ቀሎ በ1950ዎቹ፣ ለኦሮምኛ ዘፈን መድረኩ እጅግ ጠባብ በነበረበት ዘመን፣ በሠርግና በበዓል ያዜም የነበረ ቡድን ነው። የመንግሥት ጫና ሲበረታ ተበተነ። አሊም ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ክብር ዘበኛ ባንድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ሥራ የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም እየተባለ ይጠቀሳል። በኋላም በአሜሪካ፣ በስዊድንና በካናዳ ኖረ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ አዚሟል። ያ ሁሉ ቋንቋ ለድሬ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከቤት ወጥቶ ዳቦ ገዝቶ እስኪመለስ የሚሰማው ነውና።

ከጥቅምት በፊት በሠርግ ላይ አሊ ቢራን የሚጠይቁት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አባቶች ራት ከተበላ በኋላ ልጅ ልከው «እስቲ የአሊን አንድ ልቀቅልን» ያሰኙ ነበር፤ ወጣቱ በዚያች ሰዓት ወጣ ብሎ ይቆማል። ከቀብሩ በኋላ ግን ጠያቂው ተለወጠ። በጥር የክርስቲያን ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ራሳቸው መጥተው ጠየቁ። ኦሮምኛ የማይናገሩ ልጆች አዝማቹን ከአፍ እስከ ገደፉ ይዘውት ተገኙ። እናቶች ከወንበራቸው ሳይነሡ ትከሻቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ፣ ቀጥሎም ተነሡ። በዓመቱ ደብተር ላይ «ተደገመ» የሚል ምልክት ከሁሉ በላይ የተደረገበት ዘፈን ይኸው ነው።

ይህን ዘፈን ማጫወት የራሱ ሙያ አለው። በዲጄው ላፕቶፕ ላይ «አማለሌ» በተለያየ ቅጂ ተቀምጧል። አንዱ ከዩቲዩብ የወረደና በ128 ኪሎቢት የታመቀ ነው፤ በስልክ ደህና ይሰማል፣ በትልቅ ስፒከር ሲለቀቅ ግን ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጫጫል። ሌላው ከካሴት በ320 ኪሎቢት የተገለበጠ ነው። የአራት ደቂቃ ዘፈን በመጀመሪያው ልክ አራት ሜጋባይት ገደማ ሲይዝ በሁለተኛው ወደ አሥር ይጠጋል፤ ፍላሽ ላይ ብዙ ዘፈን ለማጨቅ ሲባል የሚጣለው ያ ልዩነት ነው። የካሴቱ ቅጂ ድምፁ ሙሉ ይሁን እንጂ ያጫወተው ቴፕ ፈጠን ይል ስለነበር ዜማው ከልኩ ከፍ ብሎ ድምፁ ቀጥኗል። ዲጄው ፒቹን በጣቱ ቀስ እያደረገ ያወርዳል፤ ሁለት በመቶ ገደማ ሲደርስ ያ የሚታወቀው ጎርነን ያለ ድምፅ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከዚያ ደግሞ ምቱ አለ። የዛሬ ዘፈን በኮምፒውተር ስለሚሠራ ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ ሲንክ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑት ከሚቀጥለው ዘፈን ጋር ራሱ ይገጥማል። የድሮዎቹ የተቀረጹት ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ እየተጫወተ ነው፤ ድምፃዊው ሲግል ከበሮውም አብሮት ይፈጥናል። ሲንኩ ይህን አይከተልም። እጅ ከማሽኑ ሳይነሣ በጆሮ ብቻ ይዘለቃል።

አንድ የሳቢያን ሠርግ በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በዚያው አያልቅም። አማርኛው በችክችካ ይከፍታል፣ ከሐረርጌ ገጠር የመጡ ዘመዶች ሸጎዬ ይፈልጋሉ፣ የሙሽራው የሶማሌ ጓደኞች ዳንቶ ካልገባ አይነሡም፣ የሐረሪ ጎረቤትም የራሱን ይጠብቃል። ምቶቹ ይለያያሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በድንገት የዘለለ ዲጄ መድረኩን ባዶ ያደርጋል። የሚያሻግረው ዜማው ነው። የትዝታና የባቲ ቅኝት በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው፣ የሶማሊኛውም ዜማ እንዲሁ። ስለዚህ ከበሮው ጋብ ብሎ ድምፅና ክር ብቻ በሚቀርበት ቦታ ላይ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ይቻላል፤ ጆሮ ሳይደናገጥ እግር ይከተላል። በአንድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ የዓመት ምርጥ ዝርዝር ድሬ ላይ ቢነበብ ግማሹ ሠርገኛ ተቀምጦ ያመሻል።

2015 ለሠርግ ሥራ አስቸጋሪ ዓመት ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 13 ገባ፣ ረመዳን መጋቢት 14 ተከተለው። ጾሞቹ በማይገጥሙበት ዓመት አንዱ ወገን ሲጾም ሌላው ይድራል፤ በዚያ ዓመት ግን ሁለቱም አንድ ላይ ዘጉ። ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ውለው ሲያበቁ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ድንኳን ተከለና ዲጄ ጠፋ።

ሁለቱ ጾሞች በገጠሙበት ጸጥ ያለ ወቅት ዲጄው ለሰው ሳይሆን ለራሱ ጆሮ አደመጠ። ለራሱ ምርጫ ከፍ ያለ ቦታ የሰጠው «ስድስት» የተሰኘውን የሮፍናን አልበም ነው። አልበሙ የወጣው በ2014 ክረምት ነው፤ እንደ መውጫ ቀኑ ከሆነ ያለፈው ዓመት ሥራ ነው። ሮፍናን ራሱ ከዲጄነት ተነሥቶ በ2010 ዓ.ም. በ«ነጸብራቅ» የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገር ዜማ ጋር ያጋባ፣ በኋላም ከዩኒቨርሳል ሙዚቃ ኩባንያ ጋር የተፈራረመ ልጅ ነው። ሥራውን የሚሰማ ዲጄ ወዲያው የሚያስተውለው ነገር አለ፦ ዝምታውን የት እንደሚያስገባ ያውቃል። ከበሮው ከመፈንዳቱ በፊት ያለችው ባዶ ቦታ ሰው ትንፋሹን የሚይዝባት ናት፤ ያቺን ያለ መድረክ ልምድ ማንም በልኳ አይሠራትም።

ሁለተኛው ከባቡሩ መስመር ወዲያ ማዶ የመጣ ነው። የጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ የሆነው ግሩፕ አር.ቲ.ዲ. እ.ኤ.አ. በ2020 ኦስቲናቶ በተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ በኩል «ዘ ዳንሲንግ ዴቭልስ ኦፍ ጅቡቲ» የሚል አልበም አውጥቷል። የሶማሊኛ ዜማ ከሬጌ፣ ከጃዝና ከህንድ ፊልም ሙዚቃ ጋር ተደባልቆ ይሰማበታል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ሸቀጥም ዘፈንም በዚያ መስመር ሲመጣ ኖሯል። ይህ አልበም ለድሬ ጆሮ የውጭ አገር ሙዚቃ አይመስልም፤ በርጫ ላይ ቢለቀቅ «ይህ ደግሞ የየት ነው?» የሚል አይገኝም።

ሌላው ስም ማዲንጎ አፈወርቅ ነው። መስከረም 17 ቀን 2015፣ በመስቀል ዕለት፣ ድንገት አረፈ። የጎንደር ዜማ በእሱ ጉሮሮ ሲወጣ ድሬ ላይ እንኳ ቦታ ነበረው። ከሞቱ በኋላ በነበሩት ሠርጎች አንዳንዱ ቤተሰብ ሐዘን እንዳይመስል ብሎ እንዳይገባ ጠየቀ፤ ሌላው ደግሞ እሱ ሳይሰማ ሠርግ የለም አለ። በጥር ወር ጥያቄው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ተጠቃለለ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፣ ተገቢም ነው። የሞቱትና የቆዩት አንደኛ እየወጡ ከሄዱ ዘንድሮ ከኪሱ ከፍሎ አንድ ነጠላ ዜማ ያስቀረጸ ልጅ መቼ ቦታ ያገኛል? እንግሊዛዊው የራዲዮ ዲጄ ጆን ፒል ይኸው ጥያቄ ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በቢቢሲ ራዲዮ 1 «ፌስቲቭ ፊፍቲ» የሚል የአድማጮች ምርጫ ጀመረ፤ የዘመን ገደብ ስላልነበረው ከአምስት ዓመት በፊት የወጣው የሌድ ዜፕሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» አንደኛ ወጣ። አዲሶቹ በአሮጌዎቹ መዋጣቸው አላስደሰተውም። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ዝርዝሩ ለየዓመቱ አዲስ ሥራ ሆነ።

የሳቢያኑ ዲጄ መፍትሔ ሁለት ገጽ መያዝ ነው። በአንዱ ገጽ ዓመቱን የያዙት ይሰፍራሉ፣ መቼም ይውጡ መቼ። በሌላው ገጽ አዲሶቹ ብቻ። የአዲሶቹን ገጽ የሚሞላው ደግሞ ዕድል ሰጥቶ ነው። ሰው ሲግል፣ መድረኩ ሲሞላ አዲስ ዘፈን መጣል ዘፋኙን መግደል ነው፤ ያልለመደው ጆሮ ይቀዘቅዛል፣ ሰዉ ይበተናል፣ ዘፈኑም መጥፎ ስም ያተርፋል። ቦታው ራት ሲበላ ነው። ሰው እየበላ ያደምጣል፣ አዝማቹን ሳያውቀው ይይዛል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሠርግ ላይ ያው ዘፈን ሲመጣ ወዳጁ ይሆናል። በ2015 ከራት ሰዓት ተነሥተው እኩለ ሌሊት መድረክ ላይ የደረሱ የወጣት ዘፋኞች ሥራዎች አሉ፤ የአዲሶቹ ገጽ የእነሱ ነው።

በ2015 ደብተር ላይ ከየዘፈኑ አጠገብ አዲስ አምድ ተሠምሯል፦ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለእነዚህ ሰዎች መብት ሰጥቷል፤ ፍላሽ ላይ የሚዞረው ፋይል ግን የዘፋኙን ስም እንኳ በትክክል አይጽፍም። የድሮዎቹን ስም ለማግኘት ቀጥተኛው መንገድ የካሴት ሽፋን ነው። ዲጄው የጳጉሜን የመጨረሻ ቀናት የሳቢያን ጎረቤቶቹን ቤት እያንኳኳ፣ ከቁም ሣጥን ሥር የወጡ ሽፋኖችን በስልኩ ፎቶ እያነሣ አሳልፏል። በብዙዎቹ ላይ ጽሑፉ ደብዝዟል፣ አንዳንዱ ግን ይነበባል። የ2016 ደብተር የተከፈተው ከዚያ አምድ ነው፤ ድሬ ውስጥ አሮጌ ካሴት ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ሽፋኑን ሳይጥል እንዲያቆየው ዲጄው ይለምናል።