ከመጽሐፍ ወደ ሲኒማ፤ ስለ ደራሲው ኡስማን ሴምቤን

ደራሲ ስለ ምን ከመጽሐፍ ወደ ሲኒማ ይሻገራል? ለዚህ የሴኔጋሉን ኡስማን ሴምቤንን (1923–2007) በምሳሌነት እንመለከታለን፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሴምቤን በማርሴይ ወደብ የመርከብ ጭነት አራጋፊ ነበረ። በ1956 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን፥ በ1960ም ስለ ዳካር–ኒጀር የባቡር ሠራተኞች አድማ የጻፈውን በፈረንሳይኛ አሳተመ። ይሁን እንጂ ታሪካቸውን ከጻፈላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ወደ አርባ ዓመት በተጠጋ ዕድሜው ሞስኮ ሄዶ ሲኒማ ተማረ። በ1968 የገዛ ድርሰቱን «ማንዳቢ» ብሎ በወሎፍ ቋንቋ ፊልም ሲያደርገው፥ ፊደል ያልቆጠረውም ያለ አስተርጓሚ ሰማው። ብዕሩን ግን አልጣለም፤ በ1973 «ሃላ» የተባለ ልብ ወለድ አሳትሞ፥ እርሱንም ራሱ ወደ ፊልም መልሶታል።

እንግዲህ ሴምቤን ወደ ሲኒማ የሄደው ሕዝቡን ፍለጋ ነው እንላለን። በውጭ ቋንቋ የምንማርና የምንጽፍ እኛም ጽሑፋችን ከማን ዘንድ እንደሚደርስ ልንጠይቅ ይገባናል።