ዌስትላንድ፦ ሁለት ሚኒስትሮችን ከሥልጣን ያሰናበተ የሄሊኮፕተር ኩባንያ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዮቪል ከተማ የሚገኘው የዌስትላንድ ሄሊኮፕተር ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አስቆጥሯል። ስሙ በስፋት የሚነሣው ግን ባመረታቸው ሄሊኮፕተሮች ብቻ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ በ1986 የብሪታንያ መንግሥትን ለከባድ ቀውስ በዳረገው ውዝግብ ጭምር ነው።

ኩባንያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እ.ኤ.አ በ1915 የተቋቋመ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው ሞተር ያመርት በነበረው በፔተርስ ድርጅት ሥር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊሳንደር በተባለችው በአጭር ሜዳ ተነሥታ በምታርፍ አውሮፕላን ታውቋል። ከጦርነቱ በኋላ ከአሜሪካው ሲኮርስኪ ኩባንያ የማምረት ፈቃድ በመግዛት ፊቱን ወደ ሄሊኮፕተር አዞረ።

የብሪታንያ መንግሥት የተበታተነው የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ እንዲዋሐድ ባደረገው ግፊት ዌስትላንድ እ.ኤ.አ በ1959 እና በ1960 የሶንደርስ ሮን፣ የብሪስቶልንና የፌሪን የሄሊኮፕተር ሥራ ጠቅልሎ በመያዝ የአገሪቱ ዋነኛ አምራች ሆነ። በ1967 ከፈረንሳይ ጋር በተደረሰው የጋራ ምርት ስምምነት መሠረትም ሊንክስ የተሰኘውን ሄሊኮፕተር ሠራ። ይኸው ሄሊኮፕተር በነሐሴ 1986 በሰዓት 400.87 ኪሎ ሜትር በመብረር የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል።

የሚገርመው ክብረ ወሰኑ የተመዘገበው ኩባንያው ከኪሣራ አፋፍ በተረፈበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ዋና ደንበኛው የብሪታንያ የመከላከያ ሚኒስቴር በመሆኑ የመንግሥት ትዕዛዝ ሲቀንስ ፋብሪካው ሥራ ይፈታ ነበር። ለሲቪል ገበያ ያቀረበው ዌስትላንድ 30 ሄሊኮፕተር ገዢ በማጣቱ ዕዳው ተቆለለ። ሕንድ ብሪታንያ በሰጠቻት 65 ሚሊዮን ፓውንድ ዕርዳታ 21 ሄሊኮፕተሮችን ብትገዛም፣ ሁለቱ ተከስክሰው የቀሩት በ1991 ከበረራ ታግደዋል።

ኩባንያውን ለማዳን ሁለት አማራጮች ቀረቡ። አንደኛው የሲኮርስኪና የጣሊያኑ ፊያት የጋራ ሐሳብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአውሮፓ አምራቾች ጥምረት ያቀረበው ነበር። የኩባንያው ሊቀ መንበር ሰር ጆን ከክኒ ሲኮርስኪን መረጡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ውሳኔው የባለአክሲዮኖች ነው የሚል አቋም ሲይዙ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ማይክል ሄዘልታይን በበኩላቸው ለአውሮፓው ጥምረት በይፋ ይከራከሩ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ከሄሊኮፕተር አልፎ የመንግሥት አሠራር ጥያቄ ሆነ። ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሰር ፓትሪክ ሜይሂው ጥር 6 ቀን 1986 ለሄዘልታይን በጻፉት ምስጢራዊ ደብዳቤ፣ ሚኒስትሩ ቀደም ሲል የጻፉት ደብዳቤ ጉልህ ስህተት እንዳለበት ገለጹ። የመንግሥት የሕግ አማካሪዎች ምክር ያለ ፈቃዳቸው ይፋ አይወጣም፤ የቆየው ልማድ ይኸው ነው። ይሁንና የደብዳቤው ፍሬ ነገር በዚያው ዕለት በንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር በኩል ሾልኮ ለአንድ የዜና አገልግሎት ደረሰ።

ከሦስት ቀናት በኋላ ካቢኔው ስለ ዌስትላንድ የሚሰጥ ማንኛውም መግለጫ አስቀድሞ በካቢኔው ጽሕፈት ቤት እንዲታይ ሲወስን፣ ሄዘልታይን አልቀበልም በማለት ስብሰባውን ረግጠው ወጡ፤ ሥልጣናቸውንም ለቀቁ። መረጃው እንዲወጣ የፈቀዱት የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ሊዮን ብሪታን ደግሞ ጥር 24 ቀን ተሰናበቱ። የፓርላማው የመከላከያ ኮሚቴ በጉዳዩ የነበሩበትን የመንግሥት ሠራተኞች ለማነጋገር ቢጠይቅም መንግሥት አልፈቀደም፤ በምትካቸው ቀርበው መልስ የሰጡት የካቢኔው ዋና ጸሐፊ ሰር ሮበርት አርምስትሮንግ ነበሩ። ሠራተኞቹ በሚኒስትር ፈቃድ ለፈጸሙት ተግባር ስማቸው በየጋዜጣው መነሣቱ ብዙ አከራክሯል።

የሲኮርስኪ ሐሳብ በመጀመሪያው ጉባዔ የሚያስፈልገውን 75 በመቶ ድምፅ ባያገኝም፣ የካቲት 12 ቀን 1986 በተሻሻለ መልኩ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ይሁን እንጂ በዮቪል በብዛት ይመረታል የተባለው የሲኮርስኪው ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ገዢ ሳያገኝ ቀረ። ዌስትላንድን ያቆየው ከጣሊያኑ አጉስታ ጋር አስቀድሞ የጀመረው የኢኤች 101 ሄሊኮፕተር ሥራ ነው።

የብሪታንያው ጂኬኤን ኩባንያ በ1994 ዌስትላንድን ጠቅልሎ ገዛ። ቀጥሎም የሁለቱ አገሮች አምራቾች ተዋሕደው አጉስታ ዌስትላንድ የተባለ ኩባንያ ተመሠረተ። ጂኬኤን ግማሽ ድርሻውን በ2004 ለጣሊያኑ ፊንሜካኒካ ሸጠ፤ ፊንሜካኒካም በ2017 ስሙን ሊዮናርዶ ብሏል። በ1986 የለንደን መንግሥት ለባለአክሲዮኖች ውሳኔ የተወው የዮቪል ፋብሪካ ዛሬ የሊዮናርዶ ንብረት ሲሆን፣ ከሊዮናርዶ አክሲዮኖች 30 በመቶ ያህሉ የጣሊያን መንግሥት ነው።