ከጣርማ በር ወዲህ ያለች ሻይ ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደሴን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፥ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯትን ደብረ ብርሃንን አልፎ፥ ገብስና ባቄላ የተዘራበትን ሰፊ ሜዳ ግራና ቀኝ እያየ ወደ ጣርማ በር ሲቃረብ፥ ነፋሱ እየበረታ፥ ጉሙም ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ሊሸፍነው ሲል፥ ከአስፋልቱ ዳር ጭስ የሚወጣባትን አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ቤት ያገኛል። ስም የላትም፤ በበሯ መቃን ላይ በካርቶን ተጽፎ የተሰቀለው «ሻይ ዳቦ አለ» የሚል ብቻ ነው። ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፥ ወለሏ የተደለደለ አፈር፥ መቀመጫዋም ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎችና ጥቂት ዱካዎች ናቸው።

ስለዚህች ቤት ልጽፍላችሁ የተነሣሁት፥ በባዕድ አገር ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ወገኖቼ ሆይ፥ ወላጆቻችሁ የአገር ቤትን ወግ ሲያጫውቷችሁ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የቡናውን ሥርዓት መሆኑን ስለማውቅ ነው። ጀበናው፥ ረከቦቱ፥ ዕጣኑ፥ አቦል፥ ቶናና በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ መቀዳቱ፥ በዋሽንግተንም በስቶክሆልምም በየሳሎኑ ስለሚፈጸም ለዓይናችሁ እንግዳ አይደለም። ሻይ ቤትን ግን ማንም በሻንጣ ከትቶ ሊያመጣላችሁ አልቻለም፤ እናታችሁ ሻዩን በቁርንፉድና በቀረፋ አፍልታ ብታጠጣችሁም፥ ቤቱ ከመንገዱ ጋር እዚያው ቀርቷል።

እንደ እኔ አስተያየት ቡና የጎረቤት ነው፤ ሻይ ደግሞ የመንገደኛ። ቡና ሲፈላ ልጅ ተልኮ ጎረቤት ይጠራል፤ የሚመጡትም ስማቸው፥ ኑሯቸው፥ ኀዘናቸውና ደስታቸው በሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ሰዎች ናቸው። ወደ ሻይ ቤት የሚገባው ግን ያልተጠራ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ፥ ዘመድ ሳይኖረው፥ አስተዋዋቂም ሳያስፈልገው፥ ከእሳቱ አጠገብ ይቀመጣል። ካህናቱ አባታችን አብርሃም እንግዳ ካላገኘ እህል አይቀምስም ነበር እያሉ ያስተምሩናል፤ በዚያ በውርጭ አገር ያለች ባለ ሻይ ቤት ሻይዋን በገንዘብ ብትሸጥም፥ በብርድ ደንዝዞ የገባውን ሁሉ የምታስተናግድበት መንፈስ ከአብርሃም ድንኳን የራቀ ሆኖ አልታየኝም።

ሻይ ቤት ጠላ ቤት አለመሆኑንም ማወቅ ይገባችኋል። በገጠር ከተማ ጠላ የሚሸጥበትን ቤት በደጃፉ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ ከተደፋው ጣሳ ትለዩታላችሁ። በዚያ ዘፈንና ክርክር ይኖራል፤ በሻይ ቤት ግን ዲያቆኑም፥ ሼኹም፥ ተማሪውም፥ ሹፌሩም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ማንም ማንንም አያሳፍርም።

አገባቡም የራሱ ወግ አለው። ከእናንተ በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችሁ ጥቂት ብድግ ብላችሁ «ኖር!» ትላላችሁ፤ እሱም «በእግዚአብሔር!» ብሎ ይመልሳል፤ እናንተም ስትገቡ ሰው ቢነሣላችሁ በዚሁ ቃል ማስቀመጥ ይገባችኋል። አግዳሚው ሞልቶ ቢሆን እንኳ «ጠጋ በሉ» ይባላል እንጂ ቦታ የለም አይባልም። ዳቦ ይዞ የተቀመጠው የማታውቁት ሰው «እንብላ» ቢላችሁ፥ የልቡን ነውና ዝም አትበሉት፤ ባትቆርሱለት እንኳ «ብሉ፥ ይባርክልዎ» ብላችሁ መልሱ። በአንዳንድ ቤት እንግዳ አስተናጋጁን በእጁ አጨብጭቦ ሲጠራ ብትሰሙም ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ የቆየ የመጥሪያ ልማድ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ ቀረብ እንበል። ጥላሸት የለበሰው ትልቅ ማንቆርቆሪያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከከሰሉ ፍም ላይ አይወርድም። ውኃው መንተክተክ ሲጀምር ሴትዮዋ ጥቂት የቁርንፉድ ፍሬና ተሰባብሮ የተቀመጠ ቀረፋ ትጨምርበታለች፤ ቀጥሎም ከጀርባዋ ከተሰቀለው ነዶ ላይ አንድ ጭብጥ ጦስኝ በመዳፏ አሽታ ታገባለታለች፤ ያን ጊዜ ቤቱን የሚሞላው ሽታ፥ ከመንዝ ተራራ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው በየትም አገር ቢሸተው ዓይኑን እንባ የሚሞላው ሽታ ነው። ጦስኝ በእኛ ደጋ ምድር ከሣር ጋር ተደባልቆ በየሜዳው የሚበቅል፥ ቅጠሉ ደቃቅ፥ አበባው ወይን ጠጅ የሆነ ዕፅ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንትም በላቲን ሲሰይሙት፥ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ 40 ዓመት ያህል የኖረውን የጀርመኑን ተወላጅ የቪልሄልም ሺምፐርን ስም ሰጥተውታል። የሻይ ቅጠሉ የሚገባው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢገባ ይመራል። ከዚያም ትንሿን ብርጭቆ በፈላ ውኃ አለቅልቃ፥ ስኳሩን ከሥሯ ታስቀምጥና፥ ማጥለያውን ደግና ከከፍታ ትቀዳዋለች። «ቀጠን ይበልልኝ» ያላት ሰው ፈዘዝ ያለ ይቀዳለታል። ብርጭቆው ጆሮ ስለሌለው በሁለት ጣት ከከንፈሩ ይያዛል፤ ሕፃን ይዛ ለገባች እናትም ሻዩ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው እየተገላበጠ ይቀዘቅዛል።

ሻይ በአገራችን ጥንታዊ አይደለም። ስሙ ራሱ በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው፤ በወሎና በጎንደር ያሉ አረጋውያን እስከ ዛሬ «ሻሂ» ይሉታል። ሆኖም ቅጠሉ ዛሬ ከራሳችን ምድር ይለቀማል፤ አንዱ እርሻ በኢሉባቦር ከጎሬ አጠገብ ጉማሮ ነው፤ ሁለተኛው ውሽውሽ በከፋ ከቦንጋ አጠገብ ነው፤ ቡናን ለዓለም ያበረከተ ጫካ ባለበት ምድር ሻይም እንዲህ መለምለሙ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ስኳሩም የራሱ ታሪክ አለው፤ ከሆላንዳውያን ኩባንያ ጋር የተቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር ነበርና፥ ለገጠር ሰው ሻይ በስኳር መጠጣት የዘወትር ጉዳይ አልነበረም። አያቶቻችሁ ሻዩን እንደ ማር አጣፍጠው ቢሰጧችሁ፥ ለእንግዳ ስኳር መቆጠብ ነውር ሆኖ ስለሚታያቸው ነው።

በዐቢይ ጾም ወራት ያች ሻይ ቤት ሌላ መልክ ትይዛለች። ጾሙን አጥብቀው የሚጾሙት ምእመናን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማይቀምሱ፥ አግዳሚው ጠዋት ለመንገደኛና ለሕፃናት ይቀራል፤ ቅዳሴ ሲወጣ ግን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ይመጡና ያለ ወተት፥ በደረቅ ዳቦ ይጠጣሉ። በረመዳን ደግሞ እስላሙ ወገናችን ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆያል።

ባለፈው በዚያ ባለፍሁበት ቀን ጉሙ ከበሩ ደፍ ደርሶ ነበር። የበግ ጠጉር ባና የደረቡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እየተመረኰዙ ገቡ፤ ሁላችንም «ኖር!» አልን፤ አስቀመጡን። ከባናቸው ሥር በቀይ ክር የታሰረ ከረጢት አወጡና ለሴትዮዋ እየሰጡ፥

«ልጄ፥ በሶ ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለሚሠራው ልጄ ነው፤ አደራ» አሉ።

«ይድረስልዎ አባባ፤ የትኛው መኪና ላይ እንደምሰድ አውቃለሁ» አለችና ከስኳሩ ቆርቆሮ አጠገብ ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ወረቀት አልተጻፈም፤ ገንዘብም አልተሰጠ። በዚያ መደርደሪያ ላይ የሰው ቁልፍ፥ በጨርቅ የተጠቀለለ መድኃኒት፥ እንዲሁም ለማን እንደሆነ እሷ ብቻ የምታውቀው አንድ የታሸገ ደብዳቤ ነበር። አደራ ማለት ይህ ነው፤ በመዝገብ ያልሰፈረ፥ ነገር ግን የተቀበለው ሰው እስከ ሞት የሚጠየቅበት ውል።

ሽማግሌው ሻያቸውን ጠጥተው ከመቀነታቸው ሳንቲም ሊፈቱ ሲሉ «ተከፍሏል አባባ» ተባሉ። ማን እንደከፈለ አልጠየቁም፤ ወደ ሁላችንም ዞረው «ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ» ብለው መርቀው ወጡ።

ከእኩል ሰዓት በኋላ አንድ ከባድ የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለና ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ሴትዮዋ ድምፁን ለየችው፤ አስቀድማ ቀድታ የያዘችውን ብርጭቆ በአንድ እጇ፥ ከረጢቱን በሌላው ይዛ ወጣች። ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ «እትዬ፥ እንደምን አደርሽ» እያለ ከረጢቱን ከካፖርቱ ውስጥ ከደረቱ ላይ ወሸቀው፤ ሻዩንም ሦስት ጊዜ ፉት ብሎ ብርጭቆውን መለሰላት። መኪናው ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሸንቁሮ ወደ ሠራው ዋሻ አቅጣጫ ቀስ እያለ ሄደ። እሷም ገብታ ብርጭቆውን አለቀለቀችና ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ደፋችው።