ከሱሉልታ ወደ በቆጂ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ የደረሰ ሰው ቀድሞ የሚያየው ሯጮችን ነው። የክለብ ሰርቪሶች ሜዳው ዳር ይቆማሉ፤ ልጃገረዶች የቱታቸውን ዚፕ እየዘጉ ይወርዱና ጤዛ ባረገዘው ሣር ላይ ሶምሶማ ይጀምራሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያያ ቪሌጅ የሚባለውን የሥልጠና ማዕከል፣ ቀነኒሳ በቀለም የራሱን ትራክ የሠሩት እዚሁ ነው።

ለመሆኑ ሴቶቹን ለሩጫ ማን አነሣሣቸው? ይህን የጠየቀ ሰው ጥያቄው ይዞት ወደ አርሲ፣ ብዙ ሯጮች ወደወጡባት ወደ በቆጂ ይወርዳል።

የተለመደው መልስ አየሩ ነው። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ1996 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናትም አብዛኞቹ የማራቶን ሯጮቻችን የአርሲና የሸዋ ልጆች እንደሆኑ፣ ብዙዎቹም ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። ነገር ግን ደጋ በሞላበት አገር፣ ትምህርት ቤት የራቀው ልጅ በሞላበት አገር፣ ለምን በቆጂ?

መልሱ ያለው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። አቶ ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ። ሴቶቹንም ወንዶቹንም በማለዳ እያወጡ በባሕር ዛፉ መሐል አሯሯጧቸው። እኔን የሚገርመኝ ሴቶቹን አለመተዋቸው ነው፤ በዚያ ዘመን ከትምህርት መልስ ውኃና እንጨት የሚጠብቃት ልጅ ሜዳ ላይ ትፈለጋለች ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ከእነዚህ አንዷ ከብት ጠባቂዋ ደራርቱ ቱሉ ናት። በትምህርት ቤቷ የ400 ሜትር ውድድር የታወቀውን ወንድ ሯጭ ቀድማ ገባች። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ስትመራ ደራርቱ እግር በእግር ተከተለቻት፤ የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል ጥላት ተፈተለከች። በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ገብታ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ወዲያው አልሄደችም፤ ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትራኩን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ከታገደችበት ኦሊምፒክ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተከታተሉ፦ በ1988 ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶን፣ በ2000 ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር። የሱሉልታውን ትራክ የሠራው ቀነኒሳም የአቶ ስንታየሁ ተማሪ ነበር።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ስለ በቆጂ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ግን ሌላውንም ወገን ያሳያል፤ ሁለት ልጃገረዶች ከመምህራቸው እጅ ወጥተው ወደ ክለብ ሲገቡ፣ የሚከታተላቸው አጥተው ሲቸገሩ ይታያሉ።