ዝርክርክነታችን ስንፍና ነው ወይስ ያልዳነ ቁስል?

በምናውቃቸው በርካታ የመቀሌ ቤቶች ከበር ጀርባ ወይም ከአልጋ ሥር እስከ ዛሬ ያልተፈታ ሻንጣ አለ። በውስጡ የልጆች ልብስ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ ብርድ ልብስና በየጊዜው የሚታደስ በሶ ይገኛል። ሻንጣው የታሰረው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም አልተፈታም። እናት የልጆቿን ልብስ ከሻንጣው እያወጣች ታለብሳለች፤ አጥባም መልሳ እዚያው ታጭቃለች። ቁም ሣጥኑ ግን ባዶውን ቆሟል።

ለመጠየቅ የመጣ ዘመድ ይህን አይቶ "ቤት መያዝ አቅቷታል" ብሎ ይወጣል። ባልም ማታ ሲገባ በየጥጉ የተቆለለውን ዕቃ እያየ ይቆጣል። እርሱ ራሱ ግን የሱቁን ገንዘብ ባንክ አላስገባም ብሎ በየጣሳውና በየትራሱ ሥር ይወሽቃል፤ የዱቤና የገቢ መዝገብ መያዝ ከተወም ቆይቷል። መዝገብ ይዘህ፣ ባንክ አስገብተህ፣ አሠራርህን አሻሽል ቢባል ፊቱን ያዞራል። ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ ባንክም ስልክም ተቋርጦ፣ ልጁ ታሞበት የገዛ ገንዘቡን ማውጣት ያልቻለ ነጋዴ፣ የባንክ ደብተር ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ነው።

የወጣቶቹ ደግሞ የባሰ ነው። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጉ፤ ወዲያው ጦርነቱ ተከተለ፤ ግማሾቹ ሕንፃዎች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። በከተማችን ትምህርት በቅጡ የተመለሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመማሪያ ክፍላችን የታናሹ እኩያ ከሆነ ልጅ ጎን የተቀመጠ ረጅም ጎልማሳ እናያለን። ደብተር አይዝም፣ ያልፍበታል፣ መድረሳም ቢሆን ቂርኣቱን ካቆመበት ለመቀጠል "ነገ" ይላል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ በእርግጥ ስንፍና ነውን?

ሐዘንና ስንፍና ጎረቤታሞች ናቸው

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘውትረው ከሚያደርጉት ዱዓ ውስጥ ከጭንቀትና ከሐዘን፣ ከአቅም ማጣትና ከስንፍና በአላህ የሚጠበቁበት ይገኛል። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ሲሆን ብዙዎቻችን በቃላችን የምናውቀው ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ልብ ያልን ስንቶቻችን ነን? መጀመሪያ ልብን የሚያስጨንቀው ተጠራ፤ ቀጥሎ እጅና እግርን የሚያስረው መጣ። የልብ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ወደ እጅ እንደሚወርድ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በዚያው ዱዓ ዕዳም መጠቀሱ ለነጋዴዎቻችን ሌላ ትምህርት ነው፤ ለዛሬ እንለፈው።

የዘመኑ ሐኪሞችም ከዚህ የራቀ ነገር አይናገሩም። ለረጅም ጊዜ በፍርሃት የኖረ ሰው አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነቱ ዘብ እንደቆመ ይቀራል። እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ትኩረቱና የማስታወስ ችሎታው ይቀንሳል፤ ነገሮችን ማቀድና በተራ መፈጸም ይከብደዋል፤ ያለፈውን የሚያስታውሰውንም ሁሉ ይሸሻል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሕመም በመመሪያ መጽሐፉ ያሰፈረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ934 እ.ኤ.አ. ያረፈው ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው ኪታብ፣ ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንና ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘን ብሎ ለይቶ አስተምሯል። የነፍስም ሕመም እንደ አካል ሕመም ሕክምና እንደሚያሻው ገልጿል። ስለሆነም ይህ ከውጭ የመጣ ወሬ ነው የሚሉ ወንድሞች የራሳቸውን ቤተ መጻሕፍት ገልጠው ቢያዩ መልካም ነው።

በእርግጥ ሁሉን ነገር በጦርነቱ ማሳበብም አይገባም። ከጦርነቱ በፊትም ዝርክርክ የነበርን አለን። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለስምንት የሚኖር ቤተሰብም ዕቃው ቢደራረብ ጠቡ ከቦታው እንጂ ከልቡ አይደለም። የምንናገረው በፊት ሥርዓት ስለነበረው፣ አሁን ግን እጁ አልታዘዝ ስላለው ሰው ነው።

ወደ ሐበሻ የመጣችው እናታችን

እኛ የትግራይ ሙስሊሞች ከውቅሮ ወዲያ ያለውን ነጋሽን ስናነሳ ስለ ፍትሐዊው ንጉሥ እንናገራለን እንጂ ከሙሃጅሮቹ መካከል ስለነበረችው ስለ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ብዙም አንናገርም። በሐበሻ የሆነውንና በንጉሡ ፊት የተደረገውን ክርክር በዝርዝር ከዘገቡልን አንዷ እርሷ ናት። ሕይወቷን ያጠና ሰው ስደት፣ መለያየትና ሞት ተራ በተራ ሲፈራረቁባት ያያል።

ከሐበሻ ወደ መካ ከተመለሰች በኋላ ከባሏ ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ መዲና ልትሰደድ ስትነሳ የራሷ ጎሣ እርሷን አስቀራት፤ የባሏ ጎሣ ደግሞ ሕፃን ልጇን ነጠቃት። ባል መዲና፣ ልጅ ከአባቱ ወገን፣ እርሷ መካ ቀሩ። አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየቀኑ ወጥታ አንድ ቦታ ተቀምጣ እስኪመሽ ታለቅስ ነበር። ማንም "ኢማንሽ የት ሄደ?" ብሎ እንደገሠጻት አልተዘገበም። ከዘመዶቿ አንዱ አዝኖ አማልዶላት ልጇን ይዛ ተጓዘች። ከዚያም አቡ ሰለማ በኡሑድ ቆሰለ፤ ቁስሉ ከላዩ ሽሮ የዳነ መሰለ፤ ቆይቶ ግን አመርቅዞ በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ለሞት አበቃው።

ኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለጋብቻ ሲጠይቋት ወዲያው እሺ አላለችም። ቀናተኛ መሆኗን፣ ዕድሜዋ መግፋቱን፣ የቲም ልጆች እንዳሏት ገልጻ አመነታች። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከዓለሙ ሁሉ ከሚበልጥ ሰው የቀረበላትን ለውጥ ለመቀበል እንኳ የተጎዳ ልብ ያመነታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጡም፤ አልተሳለቁም። ቅናቷን አላህ እንዲያነሳላት ዱዓ እንደሚያደርጉ፣ በዕድሜ እሳቸውም የገፉ መሆናቸውን፣ ልጆቿም በአላህና በመልእክተኛው ኃላፊነት ሥር እንደሚሆኑ ነገሯት። ለእያንዳንዱ ፍርሃት የየራሱን መልስ ሰጡ። ልጁን "ምን ያስፈራሃል፣ ዝም ብለህ ግባ" የሚል አባት ከዚህ ይማር።

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ሁደይቢያ ላይ የሆነው ግን ለርዕሳችን ዋናው ነው። ወደ 1,400 የሚሆኑ ሶሐቦች ለዑምራ ኢሕራም አድርገው ከመካ ደጃፍ ደርሰው ሳለ እንዲመለሱ ስምምነት ተደረገ። በሰንሰለት ታስሮ እየተጎተተ የመጣው አቡ ጀንደልም ዓይናቸው እያየ ለቁረይሾች ተመለሰ። ከዚያ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተነሡ፣ እርዱ፣ ጠጉራችሁን ተላጩ አሉ። ማንም አልተነሣም። ሦስት ጊዜ ተናገሩ፤ አሁንም ማንም አልተነሣም። እነዚህ ሰዎች በበድርና በኡሑድ ነፍሳቸውን የሰጡ ናቸው። ሰነፎች ነበሩ ሊባል ይችላልን? ሐዘን ነው ያሰራቸው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ድንኳናቸው ገብተው ለኡሙ ሰለማ ነገሯት። እርሷ ስለ እምቢተኝነታቸው አንድ ቃል አልተናገረችም። ይውጡ፣ ለማንም ምንም ሳይናገሩ የራስዎን መሥዋዕት ይረዱ፣ ጠጉር ላጪዎን ጠርተው ይላጩ አለች። እንደመከረችው አደረጉ። ሶሐቦቹ ይህን ሲያዩ ተነሥተው አረዱ፤ ከሐዘናቸው ብዛት የተነሣ ሊጋደሉ እስኪደርሱ እየተጋፉ እርስ በርሳቸው ተላላጩ። እንደምታዩት ሐዘኑ ገና ከልባቸው አልወጣም፤ እጃቸው ግን ተፈታ። መለየትና ማጣት ምን እንደሆነ የምታውቅ እናት ነችና ያልተንቀሳቀሰውን ሕዝብ ሕመም ያወቀችው እርሷ ነበረች።

"ሰብር አድርግ" እያሉ አፍ መዝጋት

በየቤቱ የምንሰማው አንድ ስሕተት አለ። የተጎዳ ሰው የደረሰበትን ሊናገር አፉን ሲከፍት "ሰብር አድርግ፣ ተወው፣ አልፏል" ይባላል። ይህ ሰብር ማስተማር አይደለም፤ አፍ መዝጋት ነው። ነብዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) መልካም ትዕግሥትን መያዛቸውን ቁርኣን እየነገረን፣ በዚያው ሱራ ዓይናቸው ከሐዘን ብዛት እንደነጣና ስሞታቸውን ወደ አላህ እንዳቀረቡም ይነግረናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በልጃቸው በኢብራሂም ሞት ሲያለቅሱ አንድ ሶሐባ ቢደነቅ፣ እንባው እዝነት መሆኑን አስረድተውታል። የተከለከለው ደረት መድቃትና ፊት መቧጨር፣ በአላህ ውሳኔም ማማረር ነው እንጂ ማልቀስና መናገር አይደለም።

ይቅርታም እንዲሁ ነው። ወሕሺይ ሐምዛን (ረ.ዐ) ገድሎ ኋላ ሲሰልም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኢስላሙን ተቀብለውታል፤ ቢቻል ግን ፊቱን እንዳያሳያቸው ጠይቀውታል። ይቅር ያለ ሰው ሕመም አይሰማው ማለት አይደለም። ስለዚህ "ይቅር ካልሽ ለምን ቤቱ አትሄጂም?" እያልን እህቶቻችንን አናስጨንቅ።

ሌላም አለ። ብዙ ቤተሰብ ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቅ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ የሦስት ቀን ይፋዊ ሐዘን ሲታወጅ መርዶ ተነግሮታል። ጀናዛ አላየም፣ አላጠበም፣ አልቀበረም። የሟቹ አልጋ እንደተነጠፈ፣ ጫማው ከደጃፍ እንደተቀመጠ ነው፤ ማንም አያነሣውም። በእንዲህ ያለ ቤት ሥርዓት እንዴት ይመለሳል? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሩቅ ሀገር ለሞተ ሰው መዲና ላይ ሆነው ጀናዛ የሰገዱት ለእኛው ነጃሺ ነው። ዑለማዎች በሩቅ ባለ ሟች ላይ በመስገድ የተለያየ አቋም ስላላቸው የአካባቢን ዓሊም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሶላቱ ቢሰገድም ባይሰገድም ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት፣ ዘመድ የሚያጽናናበት፣ ሶደቃ የሚወጣበት ቀን ይኑረው። የሟቹን ልብስም እናቱ ስትፈቅድ፣ እርሷው እየመረጠች ለሚለብሰው ይሰጥ። በፍጹም እርሷ ገበያ በሄደችበት ሰዓት አይሁን!

ከየት እንጀምር?

ሙሉ ቤቱን በአንድ ጁሙዓ አጽድተን እናድራለን ማለት አያዋጣም፤ በማግሥቱ ድካምና ጭቅጭቅ ይተርፋል። የአምስቱ ሶላት ሰዓት እያለን ሌላ ፕሮግራም አያስፈልገንም። ከዐስር እስከ መግሪብ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ሣጥን። ሻንጣውን በተመለከተ ደግሞ ማንም በግድ አይፍታው። መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃውና ካርታው ብቻ ይውጣ፤ ለብቻው በአንድ ላስቲክ ይቀመጥ። ሌላው ይቆይ። ባል የሚረዳ ከሆነ ሳይናገር አጠገቧ ቁጭ ብሎ ልብስ ይጠፍ። ነጋዴውም ለአንድ ወር የዕለት ሽያጩን ብቻ በደብተር ይጻፍ፤ የባንኩ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።

ለሙዓሊሞችና ለኡስታዞች አንድ ነገር እንጨምር። ዘግይቶ የተመለሰውን ወጣት በታናናሾቹ ፊት አናስነብበው። ከዐስር ሶላት በኋላ ለብቻው አንድ ገጽ ይቅራ፤ ሕፃናቱን ፊደል እንዲያስቆጥርም ኃላፊነት ይሰጠው። የሚፈለግ ሰው ማልዶ ይመጣል።

ምግቡም አይረሳ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከቤተሰቧ ሰው ሲሞት ለቅሶ የመጡት ሴቶች ተበትነው የቅርብ ሰዎች ብቻ ሲቀሩ ተልቢና እንዲሠራ ታዝ ነበር። ተልቢና የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘንም ጥቂቱን እንደሚወስድ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰምታ አስተላልፋለች። ሌላ ነገር አይደለም፤ የገብስ ዱቄት በውኃ ወይም በወተት ቀጥኖ፣ በቀስታ እሳት እየተማሰለ የሚበስል፣ ሲፈለግ ማር የሚገባበት ሙቅ ነው። ጥሕሎ በሚበላበት ሀገር ገብስ ከየት ይምጣ አይባልም።

እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ያለው፣ ምግብ የዘጋው፣ ከሰው ተለይቶ የሚቀመጥ ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው ካለ ግን በሙቅና በምክር ብቻ አይያዝ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል። ቁርኣን ይቀራበት፣ ሐኪምም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በከተማችን በዓይደር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ያ ሰፈር ራሱ በግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በአውሮፕላን ተደብድቦ ሕፃናት ያለቁበት በመሆኑ፣ ወደዚያ መሄድ የሚከብደው ትልቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ሕመምተኛው ብቻውን አይሂድ፤ ከቤተሰቡ የሚያምነው አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። የታዘዘለትንም መድኃኒት ሐኪሙ ሳያውቅ በጎረቤት ምክር አያቋርጥ።