የአረፋ ሥጋና የዝናብ ወራት ቋንጣ

የ2016ቱ ዒድ አል-አድሃ (አረፋ) ሰኔ 9፣ የ2017ቱ ደግሞ ግንቦት 29 ቀን ነበር የዋለው። በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ይህ ዝናቡ የሚበረታበት ወቅት ነው። እናቶቻችን ያስለመዱን ቋንጣ እንደ በጋው ቶሎ አይደርቅም፤ ዘልዝለው የሰቀሉት ሥጋ ሳይደርቅ ሊሸት ይችላል። ያኔ በርበሬ ማብዛት ሽታውን ቢሸፍን እንጂ አይጠቅምም፤ ተህዋሲያን የተዉትን መርዝ መቀቀልም ሁልጊዜ አያጠፋውም። ትኩስ ሥጋ በፌስታል አፍኖ ማሳደርም ያው ነው።

መፍትሔው ቶሎ ማካፈል ነው። ኡድሂያውን ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ጎረቤት፣ ለችግረኛ ብለው ሲከፍሉ፣ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚደርሰው የችግረኛው ድርሻ ነው፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ግን እርሱ ነው። በመጀመሪያ ለእርሱ ይላኩ። በማግስቱም ማረድ ስለሚቻል፣ ከጎረቤትዎ ጋር ቀን ተከፋፍለው ቢያርዱ ሥጋው ለሁለቱም ቤት ትኩስ ሆኖ ይደርሳል።